የአሶር ፈረሶችና የስሜነህ ቦራ

ታኅሣሥ 10፣ ሐሙስ

ይህን ደብተር የሚያነብ ሰው ቢኖር አስቀድሞ አንድ ነገር ይረዳልኝ፦ ስሜነህን ፈረስህን ሽጥ አላልኩትም። ሽጥ የሚል ቃል ከአፌ አልወጣም። ያስተማርኩበት ወረቀት እጄ ላይ ነው። ደጋግሜ አነበብኩት፤ የለበትም።

የሆነው እንዲህ ነው። እዚህ ዳንግላ በጉባኤያችን የእሑድ ከሰዓቱን የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት የምመራው እኔ ነኝ። መጽሐፈ ኢያሱን በተራ ስናጠና ቆይተን ባለፈው እሑድ አሥራ አንደኛው ምዕራፍ ላይ ደረስን። ወንጌላዊው አስቀድሞ "ጋሼ፣ ይቺን ዘለል አድርገን ወደ ርስቱ ክፍፍል ብንገባስ? ጊዜውም ጥሩ አይደለም" ብሎኝ ነበር። እኔ ሒሳብ ሳስተምር ምዕራፍ ዘልዬ አላውቅም። የተዘለለ ምዕራፍ ፈተና ላይ ይመጣል።

ምዕራፉ የጦርነት ነው። የአሶር ንጉሥና የሰሜን ነገሥታት እንደ ባሕር አሸዋ በዝተው፣ ፈረስና ሰረገላ ይዘው በማሮን ውኃ አጠገብ ይሰፍራሉ። እግዚአብሔር ኢያሱን አትፍራ ይለዋል። ቀጥሎም የፈረሶቻቸውን ቋንጃ ቁረጥ፣ ሰረገሎቻቸውን በእሳት አቃጥል ይለዋል። ኢያሱም እንደ ታዘዘ ያደርጋል።

አስቸጋሪ ቦታ መሆኑን አውቃለሁ። ስለዚህ በዘዴ ተዘጋጀሁ። ሰሌዳው ላይ ካርታ ሣልኩ፣ ፈረሶቹ የቆሙበትን በቀይ ጠመኔ፣ ኢያሱ የመጣበትን በነጭ። መደምደሚያዬ ይህ ነበር፦ "እግዚአብሔር የፈረስ ጠላት አይደለም። ሰው በፈረሱ እንዲታመን ግን አይወድም። ሁላችንም የምንታመንበት ፈረስ አለን። የቤት ሥራ፦ ፈረስህ ማነው? ለየውና ቋንጃውን ቁረጥ።"

ጥሩ ትምህርት መስሎኝ ነበር። ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እናት አልቅሰዋል።

ስሜነህ ግን ባለጋሪ ነው። ወደ ጉባኤው ከመጣም ገና ዓመት አልሞላውም። ዛሬ ጠዋት ሚስቱ ሽቱ በራችን ላይ ቆማ አገኘኋት።

"ጋሼ፣ ፈረሳችን ምን አደረገዎት?"

"የቱ ፈረስ?"

"ስንት ፈረስ አለንና ነው? ቦራ ነዋ! ግምጃ ቤት ገበያ ድረስ ወስዶ ሸጦት መጣ። ለምን ስለው ጋሼ አወቀ የቤት ሥራ ሰጥተውን ነው አለኝ።"

ባለቤቴ ያለምወርቅ ከጓዳ ብቅ አለችና "የቤት ሥራውን የሠራ ተማሪ ካገኘህ ስንት ዘመንህ ነው!" አለች።

ሽቱ ሳቀች። ስቃ ሳትጨርስ ማልቀስ ጀመረች። እኔ ወረቀቴን ፍለጋ ገባሁ።

ታኅሣሥ 11

ስሜነህ ቤት ሄድኩ። ጋሪው ግቢው ውስጥ አፍንጫውን መሬት ተክሎ ቆሟል። ቦራ የሚታሰርበት ቦታ ላይ ዶሮዎች ይጭራሉ።

"ልጄ፣ ምሳሌ እኮ ነው" አልኩት።

"ምሳሌ መሆኑን መቼ ነገሩን?"

"ፈረስህ ማነው ስል..."

"እኔም አሰብኩበት። ሌላው ሰው ሊቸግረው ይችላል። የእኔ ግን ቀላል ነበር፤ ፈረሴ ፈረሴ ነው።" ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እውነቴን ነው ጋሼ። ማታ ስተኛ 'ቦራ አለ' ብዬ ነበር የምተኛው። እግዚአብሔር አለ ብዬ አላውቅም። ሰኞ ጠዋት ቢላውን ይዤ አጠገቡ ቆምኩ። ዞሮ አየኝ። ገለባ ያመጣሁለት መስሎት ኪሴን አሸተተኝ። አልቻልኩም። ስለዚህ ግማሹን ታዘዝኩ፤ ሸጥኩት።"

ተማሪ እንዲህ አድርጎ ሲረዳኝ አላውቅም።

"ለምን ግምጃ ቤት ድረስ ወሰድከው?"

"ዳንግላ ገበያ ላይ ቦራን የማያውቅ ማን አለ? አፈርኩ።"

"ገዢውን ታውቀዋለህ?"

"ሽማግሌ ናቸው፣ ከእንጅባራ ወዲያ። የጥር ሃያ ሦስትን ግልቢያ የሚጋልቡ ፈረሰኛ ናቸው። እንዲህ ያለ ፈረስ ጋሪ መጎተቱ ኃጢአት ነው አሉኝ።" ትክ ብሎ አየኝ። "ይቅርታ ያድርጉልኝና እርስዎን ይመስላሉ። አፍንጫቸው ሳይቀር። ስማቸው ክንዴ ነው።"

ታኅሣሥ 12

ክንዴ ወንድሜ ነው። ታላቄ። ለዛሬ ይበቃል።

ታኅሣሥ 13፣ እሑድ

የቤት ሥራ እርማት። አንዱ ወጣት "የእኔ ፈረስ ስልኬ ነው፤ ቋንጃውን ግን ኔትወርኩ ቀድሞኝ ቆርጦታል" አለ። ተሳቀ። ሌላዋ ፈረሷ ምላሷ መሆኑን ተናገረች፤ ባሏ "ቋንጃው አልተቆረጠም" ብሎ መሰከረ። እንደገና ተሳቀ። ስሜነህ ተነሥቶ "እኔ ቦራን ሸጥኩት" አለ።

ከዚያ በኋላ ጥናት አልነበረም። አመፅ ነበር። ሁሉም ለአሶር ፈረሶች ጠበቃ ሆነው ተነሡ። "ፈረሱ ምን አጠፋ?" "ሣር የሚግጥ እንስሳ ኃጢአቱ ምንድነው?" "ኢያሱ ራሱ የገበሬ ልጅ አይደለም እንዴ?" በዚህ አገር ፈረስ እንደ ሰው ስም አለው፣ ዘር ይቆጠርለታል። ይህን የረሳሁት እኔ ነኝ። ካርታ ስሥል ነው የረሳሁት።

ሌላ ፈረስ እናዋጣለት የሚል ሐሳብ ቀረበ። ሽቱ "ቦራን ወይም ምንም" ብላ ዘጋችው። ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

ታኅሣሥ 14

ለማስታወስ ያህል ብቻ። ከክንዴ ጋር የተለያየነው በእናታችን ተዝካር ላይ ነው። በእምነቴ ምክንያት ከተዝካሩ አልቀመስኩም። እሱ በሰው ፊት "እናትህን ተጠየፍካት" አለኝ። እኔም መልስ ሰጠሁ። ምን እንዳልኩ እዚህ መጻፍ አያስፈልግም። ለጉዳዩ የሚያስፈልገው ፈረሱ ነው።

ታኅሣሥ 16

ለመሄድ ተነሥቼ ነበር። የእንጅባራ መንገድ ተዘግቷል አሉ።

ታኅሣሥ 17

መንገዱ ተከፍቷል። ጉንፋን ያዘኝ።

ታኅሣሥ 18

ያለምወርቅ ግንባሬን ዳሰሰችና ጉንፋን የለብህም አለች። እኔ ግን ጉሮሮዬ ላይ ይሰማኛል።

ታኅሣሥ 20፣ እሑድ

ስሜነህ ከጥናቱ ቀረ። በገበያ ቀን ጋሪውን ራሱ ሲጎትት ታይቷል፤ ድንችና ሽንኩርት ጭኖ። ልጆች ከኋላው እየሮጡ "ቦራ! ቦራ!" ይሉታል፣ እሱም እየሳቀ ያሽካካላቸዋል አሉ።

ነገ እሄዳለሁ።

ታኅሣሥ 21

ሄጄ መጣሁ። ሁሉንም በተራ ልጻፍ።

በሚኒባስ እንጅባራ ወረድኩ፤ የቀረውን በእግሬ። ክንዴ ግቢው ውስጥ የቦራን ጀርባ ያሻል። ወንድሜ ለሰው አማርኛ፣ ለፈረስ አዊኛ ነው የሚናገረው። ሁልጊዜም ለፈረሱ የሚናገረው ይበልጣል። አጥሩ ሥር ቆሜ ትንሽ ሰማሁት። አረጀ። አንገቱ ከእናታችን አንገት ጋር አንድ ሆኗል።

"ማነህ?" አለኝ፣ እያየኝ።

"አወቀ ነኝ።"

"አወቀ የሚባል ወንድም ነበረኝ፣ መምህር ነው። ስሙን ሰርቀህ ነው?"

"ክንዴ..."

"ምን ፈልገህ ነው?"

"ፈረሱን።"

"አሃ! ፈረሱን! እኔን የፈለግህ መስሎኝ ደንግጬ ነበር።"

ሚስቱ የሻረግ ሮጣ ወጥታ አገላብጣ ሳመችኝ። "ጾም ነው እንግዲህ፤ ምን ላብላህ? አንተ እንኳ ጾም አታውቅ፤ እንቁላል ልጥበስልህ?"

"ሽሮ ይበቃኛል።"

"ይኼው፣ ፈረስ ሲፈልግ ይጾማል!" አለ ክንዴ።

ደጁ ላይ ተቀምጠን የስሜነህን ነገር ነገርኩት። ቢላው ላይ ስደርስ እስኪያነባ ሳቀ። "ኪሱን አሸተተው? ቦራ ነዋ!" ሲል ሳቁ በመሐል ቆመ። "ቆይ። መጽሐፉ እውነት እንዲህ ይላል?"

"ይላል።"

"የናንተ ነው የኛ?"

"ኢያሱ የሁላችንም ነው።"

"ፈረሱ ምን አጠፋ?"

ተዘጋጅቼ ነበር። መጀመሪያ፣ ፈረስ በዚያ ዘመን የጦር መሣሪያ ነበር አልኩት።

"ጦሩን ይስበረዋ! ጦር ነፍስ የለው፣ አይጮኽ።"

ሁለተኛ፣ ነገሥታቱ በፈረሶቻቸው ይታመኑ ነበር አልኩት።

"ታዲያ የታመነው ባለቤቱ፣ ቋንጃው የሚቆረጠው ፈረሱ! ይኼ ፍርድ ነው?"

ሦስተኛ፣ ለውጊያ እንዳይሆን ብቻ ነው እንጂ በሕይወት ኖሮ ሣሩን ይግጣል አልኩት። ይህን አንድ መጽሐፍ ላይ አንብቤዋለሁ።

"ቋንጃው የተቆረጠ ፈረስ አይተህ ታውቃለህ?"

"አላውቅም።"

"እኔ አውቃለሁ" አለና ዓይኑን ወደ ቦራ እግሮች መለሰ። ከዚያ እንዲህ አለ፦ "እሺ፣ መምህር። ገንዘብ አታንሣብኝ። የሚያጠግበኝ መልስ ስታመጣ ፈረሱን ትወስዳለህ። ካላመጣህ ጥር ሃያ ሦስት እጋልብበታለሁ።"

"ይህ ስምምነት ነው?"

"የቤት ሥራ ነው።"

የሻረግ ቆሎ ይዛ መጥታ በመካከላችን ተቀመጠች። ለካ ሁሉንም ስትሰማ ነበር። "እኔ የምለው" አለች፣ "እነዚያ ነገሥታት ፈረስ ብቻ ነው የነበራቸው? ሰው አልነበራቸውም?"

"ነበራቸው" አልኩ።

"ሰዎቹስ ምን ሆኑ?"

"እስትንፋስ ያለው አንድም አልቀረም ይላል።"

"ልጆቹም?"

"አንድም ነው የሚለው።"

የቆሎውን ሳህን መሬት አስቀመጠች። "እና እናንተ ከጠዋት ጀምሮ የምትጣሉት ስለ ፈረስ ነው?"

ክንዴ እኔን አየ፣ እኔም እሱን። ራቅ ካለ ቦታ የሆነ ነገር ድም ድም አለ። ቦራ ጆሮውን አቆመ።

"ነጎድጓድ ነው" አለ ክንዴ።

"አዎ፣ ነጎድጓድ ነው" አልኩ እኔም። በታኅሣሥ።

ታኅሣሥ 23

ወረቀቴን እንደገና አነበብኩ፤ አሁን ሽጥ የሚለውን ቃል ፍለጋ አይደለም። ስለ ከተሞቹ ሰዎች አንድ መስመር የለም። ሰሌዳው ላይ የፈረሶቹን ቦታ በቀይ ቀብቻለሁ፣ ሰዎቹን የት እንዳኖርኳቸው አላውቅም። ምዕራፍ አልዘለልኩም ብዬ እኮራ ነበር። ለካ ሰው የተቀመጠበትን ጥቅስ እየዘለሉም ምዕራፍ ማንበብ ይቻላል።

እሑድ ዕለት ከተጨቃጨቁት ሁሉ ስለ ሰዎቹ የጠየቀ የለም። መጀመሪያ ተቀየምኳቸው። ቆይቶ ገባኝ። ስለ ፈረስ ማልቀስ ይቻላል። ፈረስ የማንም ወገን አይደለም፤ ማንም የማን ነህ ብሎ አይጠይቅህም።

ታኅሣሥ 25

መልሶችን በተራ እጽፋለሁ። የሰዎቹ በደል ሞልቶ ነበር። ዘመኑ ሌላ ነበር። ፈራጁ ሰው ሳይሆን እግዚአብሔር ነው። ሁሉም በመጻሕፍቱ አለ፣ አንዳንዱን አምንበታለሁ። ለማጣራት አንድ መንገድ አገኘሁ፦ እያንዳንዱን መልስ የሻረግ ፊት ቆሜ፣ ሳህኗን እያየሁ ልናገረው እችላለሁ ወይ እላለሁ። የማልችለውን እሰርዛለሁ።

ገጹ በሙሉ ስርዝ ሆነ። ተማሪ እንዲህ ያለ ወረቀት ቢያስረክበኝ ድገም እለው ነበር።

ታኅሣሥ 27፣ እሑድ

ለጥናቱ "አላውቅም" አልኩ። ጉርምርምታ ሆነ። ወንጌላዊው ከጥናቱ በኋላ ጠጋ ብሎ "እንዝለለው ብዬዎት ነበር" አለኝ። "ልክ ነህ" አልኩት፣ "ግን አሁን ወደ ኋላ መመለስ አይቻልም።"

ስሜነህ መጥቷል። ትከሻው ተልጧል። "ጋሼ፣ አሁን በምን እንደምታመን አወቅሁ፤ በትከሻዬ" ሲለኝ ሽቱ ከኋላው ጮኸች፦ "እባክዎን ጋሼ፣ ስለ ትከሻ ምንም እንዳያስተምሩ!"

ታኅሣሥ 29

ገና። ክንዴና የሻረግ ጾም ፈቱ። ያለምወርቅ "እንኳን አደረሳችሁ በላቸው" ብላ ስልኩን አቀበለችኝ። ኔትወርክ የለም። እንደሌለ ካየሁ በኋላም ስልኩን ጆሮዬ ላይ ትንሽ አቆየሁት።

ጥር 2

ቦራ ተመለሰ!

ክንዴ ራሱ ነው ያመጣው። መንገድ ላይ አድሮ ዛሬ ጠዋት ዳንግላ ሲገባ ስሜነህን ጋሪ ሲጎትት አገኘው። ከፈረሱ ወርዶ ልጓሙን በእጁ አስያዘው። "ጎበዝ፣ ሰው አይጫንም" አለው አሉ። ሽቱ ገንዘቡን እንደታሰረ ነው ያቆየችው፤ ሮጣ አምጥታ አስረከበችው። ቦራ የስሜነህን ኪስ ሲያሸት ስሜነህ መሐል መንገድ ላይ ተቀመጠ፣ ባጃጆቹ ጡሩንባቸውን እየነፉ በዙሪያው አለፉ።

"ለእኔ ምን አለ?" ብዬ ስሜነህን ጠየቅሁት።

"'ፈረሱን የሰጠሁህ ለልጁ ትከሻ ስል ነው፤ መልስህን ግን ገና አልሰማሁም በለው' ብለዋል።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያ ወደ መናኸሪያ ሄዱ። በእርስዎ በር ነው ያለፉት።"

በሬ ክፍት ነበር። ከውስጥ ተቀምጬ ስርዝ ስጽፍ ነበር።

ጥር 3

ጉዳዩ ተዘግቷል። ስሜነህ ፈረሱን አገኘ፣ ሽቱ ትስቃለች፣ ጉባኤው ሰላም ነው። ከእንግዲህ እንጅባራ የሚያስኬደኝ ነገር የለም።

"ደስ አላለህም?" አለች ያለምወርቅ።

"ደስ ብሎኛል እንጂ።"

"ፊትህ ግን የወደቀ ተማሪ ፊት ነው።"

ጥር 4፣ እሑድ

ጥናት። ምዕራፍ አሥራ ሁለት፣ የተሸነፉ ነገሥታት ስም ዝርዝር። እያንዳንዱን ስም ቀስ ብዬ አነበብኩ። ማንም አላዛጋም። ሲያልቅ ስሜነህ "ጋሼ፣ የቤት ሥራስ?" አለ። ሽቱ በክርኗ ወጋችው።

ጥር 9

ጉዳይ የሌለው ሰው ቁጭ ብሎ ያነባል። ምዕራፍ አሥራ አንድን እንደገና ከላይ እስከ ታች። ዛሬ አንድ ነገር አየሁ። ለመጻፍ ግን ገና ነው፤ በሰው ፊት ይፈተን።

ጥር 12

ጥምቀት በሰላም አለፈ። ትናንት ከደጃችን ሆነን ታቦቱ ሲመለስ አየን። የክንዴ መንደር ሰዎች በእንጅባራ እየጨፈሩ ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ያለምወርቅ "ሂድ እንጂ" አለች። ማን ጠራኝ?

ጥር 14

ማንም እንዳልጠራኝ እርግጥ ነው። መጥራት ያለበት ማን እንደሆነም ደህና አድርጌ አውቃለሁ። የጥር ሃያ ሦስት ግልቢያ ቀርቧል። ከዚህ በታች ያለውን ለክንዴ ጻፍኩ፤ ነገ ስሜነህ ወደ እንጅባራ ስለሚሄድ ያደርስልኛል። ለራሴ እንዲቀር እዚህ ገለበጥኩት።

ወንድም ጋሼ ክንዴ፣

የሰጠኸኝን የቤት ሥራ ሠርቻለሁ፤ ሙሉ ግን አይደለም። ኢያሱ ድል ባደረገ ማግስት ያ ሁሉ ፈረስና ሰረገላ በእጁ ነበር። ሌላ ጦረኛ ቢሆን በነጋታው ተጭኖባቸው ወደሚቀጥለው አገር ይዘምት ነበር። እሱ ግን ተከለከለ። በእግሩ መጣ፣ በእግሩ ተመለሰ። ያሸነፈ ሰው የተሸናፊውን ጦር ካነሣ ጦርነቱ ባለቤት ይለውጣል እንጂ አያልቅም። ምዕራፉ የሚዘጋው ምድሪቱ ከጦርነት ዐረፈች ብሎ ነው። ይህን ትምህርት አምኜበት አስተምራለሁ። ፈረሱ ግን ባላጠፋው ከፍሏል፤ እሱን አንተ አሸንፈኸኛል።

ለየሻረግ ጥያቄ መልስ የለኝም። ብዙ ፈለግሁ። የማያጽናና መልስ ከምሰጣት አላውቅም ብላት ይሻላል። እምነትህ ቀነሰ ወይ ብትለኝ አልቀነሰም። ስጸልይ ግን ጥያቄዋን ይዤ ነው የምቆመው፤ ጸሎቴም ድሮ ከነበረው ረዝሟል። ይህንን ንገራት።

ፈረሱ ተመልሷል፤ ስለዚህ ወደ አንተ የምመጣበት ጉዳይ የለኝም። ያለ ጉዳይ መምጣት እፈልጋለሁ። ተዝካሩ ላይ ያልኩህን በወረቀት ሳይሆን ፊት ለፊትህ ቆሜ መመለስ አለብኝ። ሃያ ሦስትም በሌላ ፈረስ ስትጋልብ ከአጥሩ ውጭ ሳይሆን ከቤተሰቡ ጋር ቆሜ ላይህ እወዳለሁ።

ልምጣ? ስሜነህ መልስህን ሳይሰማ እንዳይመለስ ነግሬዋለሁ። በወረቀት አትድከም፤ በአማርኛም ሆነ በአዊኛ አንድ ቃል ይበቃኛል። ብቻ አታቆየኝ፣ ጋሼ፤ ቶሎ መልስልኝ።

ወንድምህ አወቀ